የሃርድ ቶፑ የክረምት ዝግጅት፦ ከደብረ ብርሃን የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 9

ዛሬ ጋራዥ የገባው ቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ነው። ሞተሩ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ መካኒኩ ሁሉ «ዋን ኤች ዜድ» እያለ የሚጠራው ነው። ተርቦ የለውም፤ ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተርም የለውም። ለዚህ አገር ያስወደደውም ይኸው ነው፤ መፍቻ ያለውና የሚያስተውል ሰው የትም ቆሞ ሊጠግነው ይችላል። ንብረትነቱ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን ዘር፣ መድኃኒትና ባለሙያ ያመላልሳል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 300,000ን ለመድፈን ጥቂት ቀርቶታል።

ክረምቱ ግም ሳይል ሙሉ ሰርቪስ እንዲደረግለት ነው የመጣው። ይህ መኪና የሚመላለስባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የሚጎዱት የየራሳቸውን ቦታ ነው። በደነባና በእነዋሪ በኩል ያለው የጅሩ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ ሰኔ ከገባ ጭቃው ጎማውን ይጠቀልላል፣ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ ወደ መሐል ሜዳና ወደ ጓሳ የሚወስደው መንገድ በበጋ አቧራ፣ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይና ብርድ ነው። ሦስተኛው የደብረ ሲና ቁልቁለት ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ፍሬንም ያነድዳል።

ስለዚህ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ለእኔ በቂ አይደለም። አምራቹ ራሱ በመመሪያ መጽሐፉ አቧራ፣ ጭቃና ከባድ ጭነት ለሚበዛበት መኪና የሰርቪሱ ጊዜ እንዲያጥር ያዝዛል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፦ አዲስ ዘይትም ሆነ ግሪስ ከመግባቱ በፊት አሮጌው በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል፣ ብርሃን ላይ ይታያል። መኪናው የት እንደዋለና ምን እንደደረሰበት ከሾፌሩ በፊት የሚናገረው ከውስጡ የሚወጣው ነገር ነው። በየጋራዡ ዘይት ተቀድቶ ሳይታይ ወደ በርሜል ሲደፋ ሳይ ያናድደኛል፤ የመኪናው ሙሉ ታሪክ አብሮ ይደፋልና።

ግንቦት 10

ሥራው በእጥበት ተጀመረ። ቆዳው ሳይሆን ሆዱ ነው የታጠበው። ባለፈው ዓመት ክረምት የተጋገረ መረሬ በባሌስትራዎቹ (ክብደቱን በሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) መካከልና በፍሬን ቱቦዎቹ ላይ እንደ ደረቀ ነበር። እርጥብ ሳለ በውኃ የሚለቅ ጭቃ ከደረቀ በኋላ በመዶሻ ካልሆነ አይነቀልም፤ ሲነቀልም የጎማ ቱቦ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በእንጨት ቁራጭ እየፈለፈልን ቀስ ብለን አወጣነው። በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል በአንድ ወገን የተጋገረ ጭቃም መሪ ያንቀጠቅጣል፤ ብዙ ሰው ግን ጎማ ሚዛን ስቷል ብሎ ወደ ጎሚስታ ይሮጣል።

የኋላ ባሌስትራዎቹን ከአክሱ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ወፍራም ብረት) ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ላልተው ተገኙ፤ ጠበቁ። ከባሌስትራዎቹ የተሰበረ ቅጠል የለም።

ማታ ላይ መኪናውን በክሪክ አንሥተን በወፋፍራም የብረት ድጋፎች ላይ አሳረፍነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዲገባ አልፈቅድም፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ግንቦት 11

የሞተር ዘይት ተቀዳ። ጥቁር ነው፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት ወዲያው ስለሚጠቁር ይህ አያስደነግጥም። በጣቶቼ መካከል አሸሁት፤ አይሻክርም፣ ናፍጣም አይሸትም። ፊልትሮው ተቀየረ። አዲሱን ፊልትሮ ከመግጠሜ በፊት አሮጌው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በእጄ ዳሰስኩ፤ ሁለት ቀለበት ተደራርቦ ከተገጠመ ዘይቱ መንገድ ላይ ተረጭቶ ያልቃል። 15ደብሊው-40 የናፍጣ ዘይት ተሞላ።

የአየር ማጣሪያው ሌላ ጉዳይ ነው። ከመሐል ሜዳ መንገድ የመጣው አቧራ የወረቀቱን እጥፋቶች ደፍኗቸዋል። ሾፌሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሰው፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ መኪናው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እንደሚያበዛና ጉልበት እንደሚያጣ ነግረውኛል። አንዱ ባለሙያ ፖምፓው፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ፣ ይፈታ ብሏቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ፖምፓውን ማንም እንዳይነካው» አልኳቸው። «መጀመሪያ ይተንፍስ።»

ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ ጓሳ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። የሚገባው ናፍጣ ሳይቀንስ አየሩ ብቻ ሲያንስ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይነድም፤ ያልነደደው በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ ማጣሪያው ከተደፈነ ሞተሩ በከፍታው ላይ ሌላ ከፍታ ተጨመረበት ማለት ነው። በእኛ አገር ጥቁር ጭስ ሲታይ የሚፈተሸው ከሁሉ በፊት የአየር ማጣሪያ ነው፤ ፖምፓው የመጨረሻው ነው።

ማጣሪያውን ቀየርነው። ከማጣሪያው ወደ ሞተር በሚወስደው ቱቦ ውስጥም ነጭ ጨርቅ አስገብቼ ጠረግሁ፤ ጨርቁ ንጹሕ ወጣ። አቧራ ይዞ ቢወጣ ኖሮ ማጣሪያውን አልፎ ሲሊንደርና የፒስቶን ቀለበት (ፋሻ) እየበላ ነው ማለት ነበር፤ ያን ጊዜ የምንጽፈው ማስታወሻ የሰርቪስ ሳይሆን የሞተር እድሳት ይሆን ነበር። ከማጣሪያው ቤት ሥር ያለችውን፣ ሲጫኗት አቧራ የምትተፋውን የጎማ አፍ ለመኪናው ረዳት አሳየሁት፤ በየማለዳው ይጫናት።

የናፍጣ ውኃ ማጣሪያው ሲቀዳ ከሥሩ ውኃ ተገኘ፤ ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ጠራ ያለ ውኃ፣ በመካከላቸው ጥቁር ዝቃጭ። የዚህ ሞተር ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ የሚገባ ውኃ ዘይት እንደ ማጣት ይቆጠራል። ፊልትሮው ተቀየረ፤ አየሩ በእጅ ፓምፑ ተገፍቶ ወጣ። ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን በሚገዛበት ገጠር ማጣሪያውን በየሳምንቱ መቅዳት ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ግንቦት 13

የዲፈረንሲያሎቹ፣ በአክሶቹ ላይ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍሉት የማርሽ ቤቶች፣ ተራ ነው። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለኝ፤ መቅጃውን ብሎን ከመፍታቴ በፊት መሙያውን እፈታለሁ። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለና ዘይቱ ቀድሞ ከፈሰሰ መኪናው ባዶ ዲፈረንሲያል ይዞ ይቆማል።

የፊቱ ዘይት አርጅቷል፣ ሌላ ችግር የለበትም። የኋላውን ስፈታ የወጣው ግን ዘይት አይመስልም፤ እንደተመታ አብሽ የነጣና አረፋ የያዘ ነበር። ረዳቱ ዕቃውን ዘንበል አድርጎ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው፣ እኔም ጋሼን ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ በቅርቡ ወንዝ አቋርጠው ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። «ከፋሲካ በኋላ፣ ድንገተኛ ዝናብ የጣለ ዕለት። ውኃው እስከ ቸርኬው እምብርት ደርሶ ነበር።»

«ከመግባትዎ በፊት አርፈው ነበር?»

«ምን ዕረፍት አለ ልጄ! ጭኜ፣ ከዳገት ወርጄ በቀጥታ ገባሁ። ውኃው ሳይሞላ ልለፍ ብዬ ነው።»

ሾፌር ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሙላት እየመጣ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። የሆነው ይህ ነው፦ ዲፈረንሲያሉ በጉዞ ግሏል፣ በውስጡ ያለው አየርም በሙቀት ሰፍቷል። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ሲነከር አየሩ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ከውጭ ይስባል። አየር እንዲያስወጣ የተሠራለት ትንሽ መተንፈሻ አክሱ ላይ አለ፤ ያ መተንፈሻ በመረሬ ተደፍኖ ነበር። መተንፈሻ ያጣ አክስ ደግሞ ዘይቱ እንዳይወጣ በሚይዙት የጎማ ቀለበቶች (ዘይት መያዣዎች) ከንፈር በኩል ውኃ ይስባል።

መቅጃው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ። በላዩ የተጠራቀመው እንደ ዱቄት የላመ ብረት ብቻ ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። ስንጣሪ ወይም የጥርስ ቁራሽ ቢሆን ኖሮ መፈታት ነበረበት። በወቅቱ ደርሰንበታል።

አዲስ 80ደብሊው-90 ዘይት ሞልተን መኪናውን በቀስታ ካዞርነው በኋላ እንደገና ቀዳነው፤ ዳግመኛው ላይ የቀረው ንጣት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለዘለቄታው የተሞላው። የመጀመሪያው ዘይት ባከነ የሚል ካለ የጥርሱን ዋጋ ይጠይቅ።

መተንፈሻውን አጽድቶ መልሶ መግጠም ብቻ አልተዋጠልኝም፤ በመጪው ሐምሌ እንደገና ይደፈናልና። ከሁለቱም አክሶች መተንፈሻ ናፍጣ የሚችል የጎማ ቱቦ ዘርግቼ ወደ ላይ፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከባትሪው በላይ አወጣሁት፤ ጫፉ ላይም ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ ሰካሁበት። ቱቦው አክሱ ሲወጣና ሲወርድ እንዳይወጠር ተረፍ ያለ ርዝመት ተውኩለት። ወጪው ከአንድ ሊትር ዘይት አይበልጥም። በሰሜን ሸዋ ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ሁሉ ይህ ቢኖረው ብዬ ከልቤ እመኛለሁ።

ግንቦት 14

የፊት አክስ። የዚህ ሰርቪስ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

የግራው የፊት ጎማ ውስጠኛ ጎን ጥቁርና እርጥብ ነበር። መሪው ሲዞር አብሮት የሚዞረው ክብ ኳስ ቤትም አቧራ የለወሰው ቅባት ለብሷል። ቤቱ ውስጥ መኖር ያለበት ወፍራም ጥቁር ግሪስ ነው፤ ስንከፍተው የፈሰሰው ግን ቀጭን ሾርባ ነው። የዲፈረንሲያሉን ዘይት ከግሪሱ የሚለየው የውስጥ ዘይት መያዣ አልቋል፣ ዘይቱ እየተሻገረ ግሪሱን አቅጥኖታል። ብዙ ቦታ ይህ ሲታይ ተጨማሪ ግሪስ ይታጨቅና ይሸኛል። ዘይት መያዣው ካልተቀየረ ግሪስ መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

አፈታቱን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ የሚጠቀምበት ይኖራልና። ጎማው ይወጣል፤ ፍሬን ያዡ ከነቱቦው ተፈትቶ በሽቦ ይንጠለጠላል፣ በቱቦው ግን መንጠልጠል የለበትም። በእጅ የሚቆለፈው የጎማ እምብርት በስድስት ዳዶ የታሰረ ነው፤ ከዳዶዎቹ ሥር ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ። እነርሱ በካቻቢቴ አይነቀሉም፤ የብሎኑን ዳር በነሐስ መዶሻ ቀለል አድርጎ መምታት ነው፣ ራሳቸው ዘለው ይወጣሉ። ከዚያ ቀጥሎ ታላቁ ዳዶ ይመጣል፤ ለእርሱ የ54 ሚሊ ሜትር መፍቻ ያስፈልጋል። በመሮና በመዶሻ እየተመታ የተፈታ ዳዶ ስንቱን መኪና እንዳበላሸ አይቻለሁ፤ የዚህኛውም ጠርዝ የመሮ ጠባሳ አለበት።

ኩሽኔታዎቹን (ጎማው የሚሽከረከርባቸውን፣ ትናንሽ መንኮራኩሮች ያሏቸውን ቀለበቶች) በናፍጣ አጥቤ በጨርቅ አደረቅኋቸው። የውጪው ደህና ነው። የውስጠኛው መንኮራኩሮች ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ፤ ውኃ ገብቶ ቆሞባቸዋል። በጣት ሲያዞሩት የሚያሰማው ድምፅ የለም፣ ግን በጥፍር ሲዳሰስ ይሻክራል። ይቀየራል፤ ነጠብጣቡ ነገ ይሰፋል። መኪናው የሚቆመው ደግሞ ሜዳ ላይ ሳይሆን ከሞላሌ ወዲያ፣ በጨለማ፣ ብርድ ላይ ነው።

ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰውን መገጣጠሚያ አወጣነው። ስድስት የብረት ኳሶች በአንድ ቀፎ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከተፈታ በኋላ ቀፎው መሰንጠቁን፣ ኳሶቹ የሚመላለሱበት ቦይ መቦርቦሩን አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። ባለ አራት እግር ተደርጎ (ኃይሉ ለአራቱም ጎማ ተሰጥቶ) መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚመጣው ይህ ሲበላ ነው።

የመሪውን ቤት ከላይና ከታች በያዙት ኩሽኔታዎች ክዳን ሥር ስስ የብረት ወረቀቶች አሉ። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች አድርጌ በየስማቸው በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኳቸው። ከተቀያየሩ የአክሱ መሐል ይዛነፋል።

ግንቦት 15

ዘይት መያዣዎቹና ኩሽኔታው ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ጠበቅን። 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ዕቃው ትክክለኛ መሆኑ ከፍጥነቱ ይበልጣል። የቀኙንም ፈታነው። ዘይት መያዣው ገና ቢሆንም አብሮ ይቀየራል፤ ሥራው አንድ ጊዜ ተከፍቷል።

ግንቦት 16

ዕቃው ደረሰ። አዲሱ የውስጥ ዘይት መያዣ በእንጨት ተደግፎ ዙሪያው እኩል እየተመታ ገባ፤ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ግሪስ ተቀባ፣ ደርቆ እንዳይነሣ። ቤቱ ሦስት አራተኛ ያህል በሞሊብደነም ግሪስ ተሞላ። አናቱ ድረስ መጠቅጠቅ አያስፈልግም፤ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል።

ኩሽኔታ በጣት ግሪስ ተቀብቶ አይገጠምም። መዳፍ ላይ ግሪስ ይደረግና የኩሽኔታው ሰፊ ጎን በመዳፉ ላይ እየተጫነ ይገፋል፤ ግሪሱ በመንኮራኩሮቹ መካከል አልፎ በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ። ረዳቱ ይህን ሥራ ዛሬ ራሱ ሠራው፤ ታግሦ፣ ዙሪያውን ሙሉ።

ዳዶው ጎማው ወዲያና ወዲህ እየተሽከረከረ ጠበቀ፣ ላላ፣ ከዚያ በመለስተኛ ኃይል እንደገና ጠበቀ። እምብርቱን በሞላ ሚዛን ስበን ለመዞር የሚፈልገውን ኃይል አረጋገጥን። የመቆለፊያው ሮንዴላ ጥርስ በሁለቱም ዳዶዎች ላይ ታጠፈ። አሮጌው ሮንዴላ ብዙ ጊዜ ታጥፎና ተቃንቶ ሊሰበር ስለደረሰ አዲስ ነው የገባው።

ግንቦት 18

ፍሬን። የኋላ ታምቡሮቹ ሲወጡ የደረቀ መረሬ ዱቄት ሆኖ ተዘረገፈ። በአየር ግፊት እንዲነፋ አልፈቀድኩም፤ የፍሬን ሸራ ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነው። በውኃ ታጠበ። አሸዋው ሸራውን ሸርሽሮታል፣ ታምቡሩም ላይ ቀለበት ቀለበት ጭረት ሠርቷል። ታምቡሮቹ በቶርኖ ተስተካከሉ፣ ሸራዎቹ ተቀየሩ።

ከኋላ አክስ ተነሥቶ ወደ ሻንሲው የሚወጣ ቀጭን ዘንግ አለ፤ መኪናው ሲጫን የኋላ ፍሬኑን ኃይል የሚጨምረው እርሱ ነው። ዝጎ ደርቆ ነበር። ይህ ዘንግ ከደረቀ የተጫነው መኪና እንደ ባዶ መኪና ነው ፍሬን የሚይዘው፤ ዘር ተጭኖ በጣርማ በር ሲወረድ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው። ተፈታ፣ ጸዳ፣ ተቀባ፣ አሁን ይንቀሳቀሳል።

የፍሬን ዘይቱ የደፈረሰ ቡናማ ነበር። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ያልተነካ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ውኃ የጠጣው ግን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ፍሬኑ እየተረገጠ ከሆነ ሙቀቱ ያን ያህል ሊደርስ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉም እስከ ወለል ይሰምጣል። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው አንዳንዱ አደጋ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የብረት ስብራት ሳይሆን ያልተቀየረ ግማሽ ሊትር ፈሳሽ።

ዶት 4 ሞላን። ከሩቁ ጎማ ጀምረን ንጹሑ እስኪወጣ ድረስ አስወጣን። ለጋሼም ነገርኳቸው፦ ማርሹ የሚቀነሰው ዋሻው ሳይደርስ ነው፤ ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ አይደለም። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው «እኛስ ከልጅነታችን ሦስተኛ አስገብተን ነው የምንወርደው፤ ለወጣቶቹ ንገር» አሉኝ። እነሆ ጽፌዋለሁ።

ግንቦት 19

የታይሚንግ ቺንጋ፣ የፒስቶኖቹንና የቫልቮላዎቹን እንቅስቃሴ የሚያገጣጥመው ቀበቶ። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ገና አልበራም፤ ግን ክረምቱ መካከል ይበራል። አስቀድመን ቀየርነው። ቺንጋው ቢበጠስ ፒስቶንና ቫልቮላ (የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሮች) ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ይሰበራል። ሥራው ከባድ አይደለም፦ ምልክቶቹን ገጣጥሞ አሮጌውን ማውጣት፣ አዲሱን ከነመወጠሪያው መግጠም፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ማየት። ሳያዞሩ ማስነሣት ክልክል ነው።

የራዲያተሩ ውኃ ዝገት ይዟል፤ ተራ ውኃ ነው ሲጨመርበት የኖረው። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፣ የክዳኑ ጎማ ደግሞ ተሰንጥቋል። ተቀየረ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ ደግሞ ተራ ውኃ ሌሊት ሊበርድና ሊረጋ ስለሚችል ግማሽ በግማሽ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ተደረገ። የራዲያተሩ ክንፎች ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በዝግታ ውኃ ታጠቡ፤ የሣር ፍሬና ጭቃ ወጣ።

ክሮቸራዎቹ (ኃይል አስተላላፊው ዘንግ የሚታጠፍባቸው መገጣጠሚያዎች) እና የመሪ ጫፎቹ ግሪስ ተሰጣቸው። ባትሪው ደህና ነው።

ግንቦት 21

ማርያም ናት፤ ጋራዡ ዝግ ነው።

ግንቦት 22

ሙከራ። ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ወርደን ተመለስን። ጋሼ ነዱ፤ እኔ አጠገባቸው ሆኜ አዳመጥኩ። ዳገቱ ላይ ጭሱ ቀንሷል፤ ጨርሶ አልጠፋም፣ በዚህ ከፍታ ሊጠፋም አይችልም። ደብረ ሲና ስንደርስ አራቱንም እምብርቶች በእጄ መዳፍ ነካኋቸው። የፊቶቹ ሞቅ ያሉ ናቸው፣ እኩል። አንዱ ከሌላው ተለይቶ ቢያቃጥል ኖሮ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ፍሬኑ ይዟል ማለት ነበር። ከዳገቱ መልስ በጠጠር መንገድ እምብርቶቹን ቆልፈን በኤች 4 (በፈጣኑ ባለ አራት እግር) ነዳነው፣ ኤል 4ንም (ዝግተኛውንና ባለ ጉልበቱን) አስገብተን አወጣነው። ዘንጉ መጀመሪያ ተግደረደረ፣ ከዚያ ገባ። ሳይነካ ስለከረመ ነው፤ ባለ አራት እግሩ በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ልስላሴው እንዲደርሰው ሊነዳ ይገባል፣ በጠጠር ወይም በጭቃ ላይ፤ በደረቅ አስፋልት ግን ማርሾቹን ያስጨንቃል።

ለጋሼና ለረዳቱ በወረቀት የሰጠኋቸው፦ አቧራ የምትተፋዋን ጎማ በየማለዳው መጫን፤ የናፍጣውን ውኃ በየሳምንቱ መቅዳት፤ ከጅሩ በተመለሱ ማታ ሆዱን ጭቃው ሳይደርቅ ማጠብ፤ ወንዝ ካቋረጡ በኋላ ፍሬኑን በቀስታ እየረገጡ ማድረቅ፤ ውኃው ከእምብርት በላይ ከነበረ ደግሞ በዚያው ሳምንት መጥቶ የዲፈረንሲያሉን መቅጃ ጥቂት ላላ አድርጎ ማሳየት። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የፊት ኩሽኔታዎቹ ልክነት፣ የባሌስትራ ብሎኖቹና የኋላ ሸራዎቹ ርቀት ዳግመኛ ይታያሉ። የቫልቮላ ክፍተት መለካት ለመስከረም ተላልፏል፤ ሞተሩ በብርድ ሳለ መግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ መውጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ለማስተካከልም የሚያስፈልጉት ስስ ብረቶች ገና አልተገኙም።